ውጤቱ በትንሿም ስልክ ይከፈት

ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ፣ ደብረ ማርቆስ
ለቢቸና ከተማና ለሞጣ ከተማ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች
ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ፣ ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የውድድር ውጤቶችን ለሕዝብ የሚያሳይ ቀላልና ፈጣን ድረ ገጽ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ



ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፈ። በስምንተኛው ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በዚያው ውጤት ረታና ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የማጣሪያ ምድቡን መሪነት አረጋገጠ ተብሎ ከተማው በጭፈራ ቀለጠ። ጭፈራው ሳያበቃ፣ በዚያው ዕለት፣ ፊፋ በቦትስዋናው ጨዋታ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ ከዚያ በፊት በነበሩ ሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ አይቶ ስለነበር የቦትስዋናውን ጨዋታ በቅጣት ማለፍ ነበረበት፤ ግን ተሰለፈ። ፌዴሬሽናችን ጥፋቱን አመነ፤ ጨዋታው ለቦትስዋና በ3 ለ 0 ፎርፌ ተሰጠ፤ ሦስት ነጥባችን ሄደ። ምድቡን ለማረጋገጥ እስከ ጳጉሜን ጠብቀን ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ማሸነፍ ግድ ሆነብን። ቡድኑ ያን በማድረጉ ነገሩ ቶሎ ተረሳ። ባያደርገው ኖሮ የአንድ ትውልድ ተጫዋቾች ልፋት በሁለት ቢጫ ካርዶች ተበልቶ ይቀር ነበር።

ይህን የቆየ ታሪክ የማነሳው መረጃው ጠፍቶ ስላልነበረ ነው። ዳኛው ጽፎታል፤ ኮሚሽነሩ ሪፖርት አድርጎታል፤ ፊፋ ዘንድ ተመዝግቧል፤ ሁለቱን ጨዋታዎች የተከታተለ ሁሉ ካርዶቹ ሲመዘዙ አይቷል። ያልነበረው አሠልጣኙም፣ ጋዜጠኛውም፣ ተራው ደጋፊም እኩል የሚያየው አንድ ሰንጠረዥ ነው። ከተጫዋቹ ስም ጎን «2 ቢጫ» የሚል ለሕዝብ የተዘረጋ መስመር ቢኖር፣ ከመቶ ሺህ ደጋፊ አንዱ «ኧረ ይህ ልጅ ቅጣት አለበት!» ብሎ ሬዲዮ ጣቢያ ሳይደውል የሚያድር አይመስለኝም። በአንድ ሰው ትውስታ የተንጠለጠለ መዝገብ ሰውየው በዘነጋ ቀን አብሮት ይዘነጋል፤ አደባባይ የወጣን መዝገብ ግን የማያውቁት ሰዎች ሁሉ በነፃ ይጠብቁታል።

የምጠይቃችሁ ነገር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በቢቸናና በሞጣ፣ እየቆየም በመላው ዞን የሚካሄዱ የክለብ፣ የትምህርት ቤትና የወረዳ ውድድሮች ውጤት በአንድ ድረ ገጽ ላይ በቋሚነት ይውጣ። ሁለተኛ፣ ድረ ገጹ ከማማሩ በፊት ቀላል ይሁን፤ በደካማ ኔትወርክ፣ በርካሽ ስልክ፣ ማየት ለተሳነውም ሰው የሚከፈት ይሁን። ለእኔ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ድረ ገጽ አሠሩ የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣላችኋል፤ ይዘውት የሚመጡት ንድፍ ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ የሚያምር፣ ደብረ ወርቅ ገበያ መሐል ግን ነጭ ሆኖ የሚቀር ነው። ያልተከፈተ መዝገብ ካልተጻፈ መዝገብ በምን ይሻላል?

አንድ የወረዳ ጨዋታ ውጤት ዛሬ የሚሄድበትን መንገድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ኮሚሽነሩ ቅጹን በእስክሪብቶ ይሞላል፦ የሁለቱን ቡድኖች ስም፣ ቴሴራቸው ታይቶ የተሰለፉትን ልጆች ዝርዝር፣ ግብ ያገባውን ከነደቂቃው፣ ካርድ ያየውን ከነመለያ ቁጥሩ፤ ከግርጌ የዳኞች ፊርማ። ቅጹ በውድድር ኮሚቴ ይታይና ፋይል ውስጥ ይገባል። ውጤቱ ሜዳው ላይ ይነገራል፤ አንድ ቀልጣፋ ልጅ የወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል፤ በማግሥቱ የስብሰባና የበዓል መልካም ምኞት ፎቶ ይደራረብበታል። ከሦስት ዓመት በኋላ «ያ ግራኝ አጥቂ በስንት ጨዋታ ስንት አገባ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቦክስ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ የካቢኔው ቁልፍ ከተገኘ። እንግዲህ መረጃ የለንም ማለት አንችልም። ትልልቅ ሊጎች ገንዘብ ከፍለው የሚሰበስቡትን ዓይነት ዝርዝር እኛ በነፃ እየሰበሰብን እንቀብረዋለን።

ተጠብቆ የቆየ ቁጥር ምን እንደሚሠራ ከራሳችን ሊግ ማየት ይቻላል። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለመብራት ኃይል 24 ግብ አገባ። ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. ለደደቢት 25ኛዋን ሲያስቆጥር የ16 ዓመት ክብረ ወሰን መሰበሩ ታወቀ፤ የታወቀው 24 የሚለው ቁጥር ተጽፎ ስለቆየ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 አድርሶ ሁለቱንም አለፈና በቀጣዩ ዓመት ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። የደቡብ አፍሪካው ክለብ የገዛው እግሩን ነው፤ እግሩን እንዲያይ የጠራው ግን 29 የሚለው ቁጥር መሆኑን የዝውውር ገበያን የሚያውቅ አይክደውም። ይህ ሁሉ የሆነው በፕሪሚየር ሊግ ነው። ከዚያ በታች ከፍተኛ ሊግ፣ ከሱ በታች አንደኛ ሊግ፣ ከሱ በታች የክልልና የዞን ውድድር አለ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ተጫዋቹ እየበዛ፣ መዝገቡ እየሳሳ ይሄዳል። መልማይ መጥቶ ሊያየው የማይችለው ልጅ ደግሞ ቁጥር ይበልጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

በአትሌቲክስ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ ቁጥሩ ራሱ ውድድሩ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ በ18.29 ነው፤ ከ25 ዙር በኋላ የቀረው ልዩነት ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ። ጎጃምም ሯጭ አጥቶ አያውቅም፤ የሰከላዋ ውዴ አያሌው በ2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ይዛ ተመልሳለች። እንዲህ ያለች ልጅ በትምህርት ቤት ውድድር የሮጠችው የመጀመሪያ 1,500 ሜትር ሰዓት ተይዞ ቢሆን፣ እድገቷን በየዓመቱ ማንበብ፣ ያለጊዜዋ የተጫነችበትን ወይም የቆመችበትን ወቅት መለየት ይቻላል። አሠልጣኝ የሚሠራው በዚህ ነው። «ጎበዝ ነበረች» የሚል ምስክርነት ለፖሊስ ጣቢያ እንጂ ለልምምድ መርሐ ግብር አይሆንም።

አሁን ወደ ቀላልነቱ ልምጣ፤ ክርክሬ ያለው እዚህ ነው። ባለ 16 ክለብ ሊግ በደርሶ መልስ 240 ጨዋታ ያካሂዳል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ቀኑን፣ ሜዳውን፣ ሁለቱን ክለቦችና ውጤቱን በአንድ መስመር ብንጽፍ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት የሚወስድ ቢሆንም፣ መስመሩ ከ150 ባይት ብዙ አይርቅም። ጠቅላላው የውድድር ዘመን 36 ኪሎባይት ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ጨምቆ ሲልከው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በስልክ የተነሣ የአንድ ወረቀት ፎቶ በቀላሉ 2 ሜጋባይት ይደርሳል። በአንዱ ፎቶ ቦታ ከ50 የሚበልጡ የውድድር ዘመኖች ይቀመጡ ነበር! ኔትወርኩ ደክሞ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ብቻ ቢያሳልፍ፣ የዓመቱ ጨዋታ ሁሉ በሦስት ሰከንድ ይከፈታል፤ ፎቶው ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ያስጠብቃል፤ ካርድ ሞልቶ ጥቅል የገዛውም ልጅ ሒሳቡ እየነጠፈ ይጠብቃል። በዓለም ላይ ያለ መካከለኛ ድረ ገጽ ክብደቱ ከ2 ሜጋባይት ያልፋል፤ አብዛኛው ምስልና ኮድ ነው፣ ማስታወቂያውና ተጠቃሚውን የሚሰልለውም ጭምር። ከዚህ ውስጥ ለደረጃ ሰንጠረዥ የሚያስፈልግ አንድም የለም።

ቀላል ማለት ያልሠለጠነ ማለት እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ በስፖርት ስታቲስቲክስ ስማቸው የተከበረ ገጾች ዓይን የማይስቡ፣ ደረቅ የሚመስሉ ናቸው። አር.ኤስ.ኤስ.ኤስ.ኤፍ. የሚባለው የእግር ኳስ መዝጋቢዎች የበጎ ፈቃድ ማኅበር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየሀገሩን ሊግ፣ የእኛንም ጭምር፣ በተራ ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ የዚያን ዘመን ገጾቹ ዛሬም በማንኛውም ስልክ ይከፈታሉ። አሜሪካዊው ሾን ፎርማን በ2000 እ.ኤ.አ. የጀመረው ቤዝቦል ሪፈረንስም ገና ከጅምሩ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ነበር፤ ሰዎች ለቁጥሩና ለፍጥነቱ ሲሉ ለመዱት። በእኛው ሀገር ሶከር ኢትዮጵያ ለዓመታት የሊጎቻችንን ውጤት በአማርኛ እየመዘገበ የመጣው ወጣቶች አቅማቸውን ጽሑፉ ላይ ስላዋሉ ነው። ገጹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ እንዳለ መላክ፣ ማለትም አንባቢው በነካው ቁጥር ሰርቨሩ እንደ አዲስ እንዳያሰላ ማድረግ፣ የፊደል ቅርጹንም ስልኩ ውስጥ ካለው መጠቀም፦ የቴክኒኩ ዋና ነገር በዚህ አለቀ። ዛሬ የሚሸጡ ስማርት ስልኮች የግዕዝ ፊደል ይዘው ይመጣሉ፤ ለጌጥ ሲባል ሌላ ቅርጽ በመቶ ኪሎባይት እያስጫኑ ሰውን ማስከፈል አያስፈልግም።

ፍጥነት ከተደራሽነት ጋር አብሮ ይሄዳል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ መረጃ ማግኘትንም፣ በስፖርት መሳተፍንም በስም ይጠቅሳል። ፓራሊምፒክ ላይ የመጀመሪያውን ወርቃችንን ያመጣችው ትዕግስት ገዛኸኝ ማየት በተሳናቸው ምድብ የምትሮጥ አትሌት ናት፤ ቶኪዮ ላይ በ1,500 ሜትር አሸነፈች፣ ፓሪስ ላይ ደገመችው፤ ያየሽ ጌቴም እዚያው ፓሪስ ላይ ጭራሽ በማያዩት ምድብ ወርቅ ወሰደች። ሞጣ ላይ ዛሬ ስክሪን በሚያነብ መተግበሪያ ስልኩን የሚጠቀም ተማሪ የወረቀት ፎቶ ሲከፍት ስልኩ የሚነግረው «ምስል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ሰንጠረዡ በጽሑፍ ሆኖ አርእስቶቹ ካልተለዩለት ደግሞ «ሰባት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዐሥራ አራት» እያለ ቁጥር ይዘረግፍበታል። አርእስቱ በትክክል ሲያያዝ ግን «የተጫወተ ሰባት፣ ያሸነፈ አራት፣ አቻ ሁለት፣ የተሸነፈ አንድ፣ ነጥብ ዐሥራ አራት» ይላል። የሁለቱ ልዩነት ለሠሪው የጥቂት ቃላት ኮድ ነው፤ ለሰሚው ግን መዝገቡ መኖሩና አለመኖሩ ነው። በተጨማሪም አሸናፊን በአረንጓዴ፣ ተሸናፊን በቀይ ብቻ መለየት ቀለም ለማይለዩ ብዙ ወንዶች ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል፤ «አሸ» እና «ተሸ» ተብሎ ይጻፍ። ጽሑፉም በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ አይሁን፤ ቀትር ላይ ሜዳ ዳር ቆሞ ስልኩን በመዳፉ እየጋረደ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ቢያይም አያነበውም።

ትክክለኛነት ላይ አንድ የማጥብቀው ነገር አለ። ሰው የሚጽፈው የጨዋታውን ውጤት ብቻ ይሁን፤ ደረጃውን፣ ነጥቡን፣ የግብ ልዩነቱንና የኮከብ ግብ አግቢዎችን ዝርዝር ማሽኑ ከዚያ ያውጣው። ሰንጠረዥ በእጅ ሲሞላ በአንድ ቦታ የተሳተ ቁጥር ሌሎቹን ሳያርም ይቀራል። ከጨዋታ መስመር ሲሰላ ግን መዝገቡ ራሱን ይመረምራል፦ የሁሉም ክለቦች ያገቡት ግብ ድምር ከተቆጠረባቸው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ያሸነፉት ብዛት ከተሸነፉት ብዛት ጋር ይገጥማል፤ የአቻ ውጤት ድምር ምን ጊዜም ተጋማሽ ቁጥር እንጂ ጎዶሎ አይወጣም። ከነዚህ አንዱ ካልገጠመ የተሳተ መስመር አለና ገጹ ሳይወጣ ይፈለግ። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የቢጫ ካርድ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ካርዶቹ በጨዋታ መስመር ከገቡ ሁለተኛዋን ያየው ልጅ ስም አጠገብ «በቀጣዩ ጨዋታ አይሰለፍም» የሚለውን ማሽኑ ራሱ ይጽፈዋል፤ ደንባችሁ ቅጣቱን በስንተኛው ካርድ እንደሚጥል አንዴ መንገር ብቻ ነው።

የእኛ ሀገር የራሱ ጣጣም አለው። አንድ ተጫዋች በአንዱ ቅጽ ኃይሌ፣ በሌላው ሀይሌ፣ በሦስተኛው ሐይሌ ተብሎ ይጻፋል፤ ማሽኑ ሦስት ሰው ያደርገውና ግቦቹን ይበታትንበታል። ፍለጋው ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ከመጀመሪያው መደረግ አለበት። በተቃራኒው በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ልጆች በአንድ ሊግ መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ የአያት ስምና መዝገቡ ራሱ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ይለያቸዋል። ቀን ሲጻፍ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ። የኳስ ዓመታችን በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም በኋላ ጀምሮ እዚያው ዓመት ውስጥ ስለሚያልቅ 2013 ማለት በቂ ነው፤ ውጭ ያለው አንባቢ ግን ያንኑ 2020/21 ይለዋል፤ ሁለቱ ሲምታቱ የተጫዋች ዕድሜ በሰባትና በስምንት ዓመት ይዘላል። ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመርም ጨዋታ የውጭ አቆጣጠር በተሞላ ስልክ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኖ እንዳይነበብ ሰዓቱ በቃል «ከቀኑ» ተብሎ ይጻፍ።

በአትሌቲክስ ሰዓቱ እንዴት እንደተያዘም ይመዝገብ። በሩጫ መም ላይ በእጅ የተያዘ ሰዓት ወደሚቀጥለው አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ይጠጋጋል፤ በአጭር ርቀት ደግሞ ለዓለም ሻምፒዮና ሚኒማ አይቆጠርም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ነው፣ መሙም አፈር ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ከበርሊን ሰዓት ጋር አይወዳደርም የሚሉ ባለሙያዎች እውነታቸውን ነው፤ ግን ከአምናው የቢቸና ሰዓት ጋር ይወዳደራል። «በእጅ»፣ «አፈር መም»፣ «2,500 ሜ.» ተብሎ ከጎኑ ከተጻፈ ማንንም አያታልልም።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ፌስቡክና ቴሌግራም እያሉልን ሌላ ገጽ ለምን ትላላችሁ። ሕዝቡ ያለው እዚያ ስለሆነ ዜናው እዚያ ይነገር፤ ይህን አልቃወምም። ዜና ግን የዛሬ ነው፤ መዝገብ የሚጠየቀው ነገ ነው። እዚያ የተለጠፈ ፎቶ አይደመርም፣ አይፈለግም፤ ገጹን የከፈተው ሠራተኛ የተዛወረ ቀን የይለፍ ቃሉ አብሮት ሊዛወር ይችላል። ጥሩ የሚሆነው ቴሌግራሙ ላይ ውጤቱ በአንድ መስመር ተጽፎ የመዝገቡ አድራሻ ከሥር ሲሰጥ ነው።

ሌላው የኢንተርኔቱ ነገር ነው፤ ይህ ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ኖሯል። ዳታ በሌለበት ድረ ገጽ ምን ያደርጋል የሚል ሰው አላጋነነም። ለእኔ ግን ይኸው ራሱ የቀላልነት ማስረጃ ነው። 36 ኪሎባይት የሆነ መዝገብ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፣ በፍላሽ ከሞጣ ቢቸና ይሄዳል፣ በጥቂት ገጾች ታትሞ በጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ጊዜ የተከፈተም ገጽ መስመሩ ሲቋረጥ ስልኩ ውስጥ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። የሳምንቱ ውጤት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቢላክ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘውም ያነበዋል። በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተንቆጠቆጠ ድረ ገጽ ከነዚህ አንዱንም አይችልም። መስመር በሚቋረጥበት ሀገር የሚሠራ ሰው ለተቋረጠው ቀን አስቦ ይሥራ።

በዚህ ወቅት፣ ሰው ስንት ጭንቅ እያለበት፣ የግብ ቆጠራ ቅንጦት አይሆንም ወይ የሚለውም ይነሣል። ውድድሩ ከተካሄደ ቅጹ ይሞላል፤ እኔ የምለው የተሞላው አይቀበር ነው። ውድድር ያልተካሄደበት ዓመትም ቢሆን «አልተካሄደም» ተብሎ መጻፍ አለበት። ፕሪሚየር ሊጉ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሲሰረዝ የሻምፒዮኖቹ ዝርዝር ላይ ያ ዓመት ባዶ አልተዘለለም፤ ተሰርዟል ተብሎ ተጻፈበት። የዚያን ዓመት ተጫዋች «ለምን ግብ የለህም?» ብሎ የሚጠይቅ እንዳይኖር መከላከያው ይኸው ነው።

የልጆቹ የግል መረጃ ያሳስበናል የምትሉ ካላችሁ ከእናንተ ጋር ነኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እያለ የተማሪን የልደት ቀን፣ ስልክ ቁጥር ወይም የፋይዳ ቁጥር አደባባይ ማውጣት አይገባም። ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የዕድሜ ምድብ፣ ውጤት፤ ይበቃል። ወላጅ ስሙ ይነሣልኝ ካለ ይነሣ፣ ውጤቱ በመለያ ቁጥር ይቀመጥ። የሕክምና ጉዳይ፣ የዲሲፕሊን ክስ ዝርዝር ውስጥ ለውስጥ ይቅር።

ስሕተት ቢወጣስ የሚል ፍርሃትም አለ፤ ባለሥልጣን ማኅተም ያላረፈበትን ነገር ለማውጣት የሚያመነታው በዚህ ነው። ስሕተት ይወጣል። ዋናው ሲታረም በዝምታ አለመቀየሩ ነው፦ «በዚህ ቀን 2 ለ 1 የነበረው በኮሚሽነሩ ሪፖርት መሠረት 2 ለ 2 ተብሎ ታርሟል» የሚል መስመር ከሥሩ ይቀመጥ። በፎርፌ የተወሰነ ጨዋታም ሜዳ ላይ የታየውና በኮሚቴ የተሰጠው ውጤት ሁለቱም ይጻፉ። የሎባትሴው ጨዋታ ለፊፋ 3 ለ 0 ነው፤ ያንን ቀን ኳሱን ላየ ሰው ደግሞ 2 ለ 1 ነው፤ መዝገብ ሁለቱንም የመያዝ ግዴታ አለበት።

በጀቱን በሚመለከት፣ የምጠይቀው ነገር ሕንፃም ተሽከርካሪም አይፈልግም። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ቅጹን በደረሰ ዕለት ኤክሴል ላይ የሚገለብጥ አንድ ሠራተኛ፣ የሚያመሳክር ሌላ ሰው፣ ገጹን አንድ ጊዜ የሚሠራ ባለሙያ። ለመጨረሻው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቅርባችሁ አለ፤ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች አያጣም። ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ፕሮጀክቱ አብሮት ይሞታል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ብዙ ቦታ ሆኗል። ለዚህ ነው ዋናው መዝገብ ማንም ሰው የሚከፍተው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል እንዲሆን የምለምነው። ገጹ ቢፈርስ እንኳ ሌላ ተማሪ ከዚያው ፋይል በሳምንት ውስጥ መልሶ ያቆመዋል። የፋይሉ ቅጂ በመምሪያው፣ በሁለቱ ጽሕፈት ቤቶችና በክልሉ ቢሮ ይቀመጥ፤ ማውረድ ለሚፈልግም ጋዜጠኛ ወይም አሠልጣኝ ያለ ማመልከቻ ይፈቀድ። ጨረታ ይውጣ ከተባለም መስፈርቱ ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይግቡልኝ፦ የትኛውም ገጽ ከ50 ኪሎባይት አይበልጥ፤ ርክክቡ የሚፈጸመው ገጹ በርካሽ ስልክ በሞጣና በቢቸና ሜዳ ላይ ተከፍቶ፣ ስክሪን የሚያነብ መተግበሪያ በሚጠቀም ሰው ተሞክሮ ሲያልፍ ነው።

ይህ የፌዴሬሽን ሥራ ነው የሚልም አይጠፋም። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በሱፐርስፖርት ካሜራ ሥር ቆይቷል፤ መዝጋቢ አያጣም። የሁለት እጁ እነሴና የእነማይ ትምህርት ቤቶች ውድድር ግን ማንም ከሩቅ መጥቶ አይመዘግበውም። ቅጹ የሚሞላው እናንተ ዘንድ ነው፤ የሚቀበረውም እናንተ ዘንድ ነው።

ሁሉንም ስፖርት በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ከቀጣዩ የውድድር ዘመን አንድ የእግር ኳስ ውድድርና አንድ የትምህርት ቤቶች አትሌቲክስ ውድድር ይበቃሉ። ጎን ለጎን ግን የማይጠብቅ ሥራ አለ፦ በካቢኔ ውስጥ ያሉት የቆዩ ቅጾች። የአንዳንዶቹ ቀለም ደብዝዟል፣ አንዳንዱን አይጥ ጀምሮታል፣ ፊርማቸው ያለበት ኮሚሽነሮችም ዕድሜያቸው ከጡረታ እያለፈ ነው። በእጅ ጽሑፉ ላይ «ይህ 1 ነው ወይስ 7?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው በሕይወት እያለ፣ በክረምቱ ወራት ጨዋታ በሌለበት ሰዓት፣ ሁለት ወጣቶች ተመድበው ከቅርቡ ዓመት ወደ ኋላ እየገለበጡ ይጻፉት።